የወፍጮ ቤት ሠራተኛ የጆሮ መከላከያ ከመግዛቱ በፊት እንዴት ይሞክረዋል? ዝርዝር መመሪያ

በደጀን፣ በብቸና፣ በቡሬ ወይም በዳንግላ አንድ ወፍጮ ቤት ገብቶ ግድግዳውን የተመለከተ ሰው፣ ከመፍቻውና ከመዶሻው ጎን በምስማር የተሰቀለ፣ ዱቄት የለበሰ የጆሮ መከላከያ ማየቱ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። ዕቃው ተገዝቷል፤ ሠራተኛው ግን አያደርገውም። አንዱ ጆሮውን ያመዋል፣ ሌላው ሻሿን አላስቀምጥ ይላታል፣ ሦስተኛው ደግሞ የድንጋዩን ድምፅ መስማት ስላቃተው ያወልቀዋል። የዚህ ሁሉ ምክንያት አንድ ነው፤ መከላከያው የተመረጠው በካርቶኑ ላይ በተጻፈው ቁጥር ወይም በዋጋው እንጂ በሚያደርገው ሰው ጆሮ ላይ ተሞክሮ አይደለም።

ይህ መመሪያ ለወፍጮ ቤት ባለቤትና ለሠራተኛው የተዘጋጀ ቢሆንም፣ ግራይንደር ለሚይዝ ብረታ ብረት ሠራተኛም ሆነ ለእንጨት መሰንጠቂያ ቤት እንዳለ ይሠራል። ደረጃዎቹን በቅደም ተከተላቸው ይከተሉ፤ በተለይ አራተኛውን ሳይጨርሱ ወደ አምስተኛው አይለፉ።

ደረጃ 1፦ ድምፁ ምን ያህል እንደሆነ ይወቁ

መከላከያ የሚመረጠው ለአንድ የታወቀ ድምፅ ስለሆነ፣ መጀመሪያ የወፍጮ ቤትዎን ድምፅ መገመት ያስፈልጋል። ቀላሉ መንገድ ይህ ነው፤ ወፍጮው እህል እየፈጨ ሳለ አንድ ሰው በአንድ ሜትር ርቀት ፊት ለፊትዎ ይቁም። እንዲሰማዎት ድምፁን ከፍ ማድረግ ካስፈለገው፣ ድምፁ 85 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ) ወይም ከዚያ በላይ ሳይሆን አይቀርም። ከክንድ ርቀት እየጮኸም የማይሰማዎት ከሆነ ከዚያም ከፍ ያለ ነው።

የአሜሪካው የሙያ ደህንነትና ጤና ምርምር ተቋም ናዮሽ ያስቀመጠው ወሰን 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ 88 ከሆነ 4 ሰዓት፣ 91 ከሆነ 2 ሰዓት፣ 94 ከሆነ 1 ሰዓት፣ 100 ከደረሰ ደግሞ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ለአንድ ጆንያ እህል መጥቶ የሚመለስ አስፈጪና ከጠዋት እስከ ማታ ከሞተሩ አጠገብ የሚውል ሠራተኛ አንድ ዓይነት አደጋ ላይ አለመሆናቸውን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በስልክ መለካት ይቻላል፤ ነገር ግን በጥንቃቄ። ናዮሽ ያዘጋጀው የድምፅ መለኪያ መተግበሪያ የሚሠራው በአይፎን ብቻ ሲሆን፣ በሌሎች ስልኮች ላይ የሚጫኑት መተግበሪያዎች እንደ ስልኩ ማይክሮፎን በእጅጉ ይለያያሉ። የስልክ ማይክሮፎን የተሠራው ለንግግር በመሆኑ በጣም ከፍ ያለ ድምፅ ላይ ዝቅ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩን እንደ ግምት ይያዙት እንጂ አይመኑት። ሲለኩ፦

- ስልኩን ሠራተኛው በሚቆምበት ቦታ፣ በጆሮው ከፍታ ይያዙ፤ ማይክሮፎኑን በጣትዎ አይሸፍኑ።
- ወፍጮው ባዶውን ሲዞር ሳይሆን በእህል ላይ ሳለ ይለኩ።
- ለቅጽበት የታየውን ከፍተኛ ቁጥር ትተው አማካዩን ይመዝግቡ።
- መተግበሪያው ምርጫ ካለው «ኤ» (A) የሚለውን፣ ማለትም የሰው ጆሮ እንደሚሰማው የሚለካውን ይጠቀሙ።

መከላከያ ለመግዛት ከመነሣትዎ በፊት ሞተሩንም ይመልከቱ። ማርሚታው (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) የተቀደደ፣ ሽፋኑ የላላና የሚንቀጠቀጥ፣ ወይም ቺንጋው የሚያፏጭ ከሆነ እርሱን ማስጠገን ይቀድማል። ለቀዳዳ ማርሚታ መድኃኒቱ የጆሮ ውታፍ አይደለም።

ደረጃ 2፦ ጆሮን ይመርምሩ

ጆሮው የሚመግል፣ የሚያም፣ ፈሳሽ የሚያወጣ ወይም ታምቡሩ የተቀደደ ሰው ወደ ጆሮ ቀዳዳ የሚገባ ውታፍ አይሞክር፤ በቅድሚያ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ኩክ የበዛበት ሰውም ውታፉ ኩኩን ወደ ውስጥ ስለሚገፋበት አስቀድሞ በጤና ባለሙያ ያስወጣ። በክብሪት እንጨት፣ በወስፌ ወይም በብዕር ክዳን መጎርጎር ታምቡር ይቀድዳል።

በዚሁ ደረጃ ላይ የሠራተኛውን የመስማት ሁኔታ ይመዝግቡ። አንገት በላይ ሐኪም ባለበት ሆስፒታል የመስማት ምርመራ ማድረግ ከተቻለ ከሁሉ የተሻለው እርሱ ነው። ካልተቻለ፣ ቢያንስ ማታ ማታ ጆሮው ጭው ይልበት እንደሆነና ሰው ሲያናግረው «ምን አልክ?» ማለት ያበዛ እንደሆነ ቤተ ሰቡን ጭምር ጠይቀው ይጻፉ። ብዙውን ጊዜ የመስማት ድክመቱን ከራሱ ከሠራተኛው ቀድመው የሚያውቁት ሚስቱና ልጆቹ ናቸው።

ደረጃ 3፦ ለሙከራ የሚሆኑትን ይምረጡ

ከአንድ ዓይነት ደርዘን ከመግዛት ይልቅ ከየዓይነቱ አንድ አንድ ይግዙ። በባሕር ዳርም ሆነ በደብረ ማርቆስ የሥራ ደህንነት ዕቃ የሚሸጡ ሱቆችን ሲጠይቁ የሚያገኟቸው በአብዛኛው ሦስት ዓይነት ናቸው፤ በጣት ተጠቅልሎ የሚገባ የስፖንጅ ውታፍ፣ ታጥቦ የሚመለስ ባለክንፍ የጎማ ውታፍ፣ እና እንደ ሄድፎን ጆሮን ከውጭ የሚከድን ሽፋን። ጆሮ ውስጥ የገባ ውታፍ ወደ ሱቅ እንደማይመለስ አስቀድመው ይወቁ።

ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር እንዲህ ያንብቡ። ዕቃው ስንት ዴሲቤል እንደሚቀንስ ለማሳየት፣ የአሜሪካ ደረጃ ያለው «ኤን አር አር» (NRR)፣ የአውሮፓው ደግሞ «ኤስ ኤን አር» (SNR) የሚል ቁጥር ይይዛል። ሁለቱ በተለያየ መንገድ የተለኩ በመሆናቸው የአንዱን ቁጥር ከሌላው ጋር አያወዳድሩ። ለኤን አር አር የሚሠራው ጥንቁቅ ስሌት፣ ከቁጥሩ 7 ቀንሶ ቀሪውን ለ2 ማካፈል ነው። ለምሳሌ የወፍጮው ድምፅ 95 ዴሲቤል፣ የውታፉ ቁጥር ደግሞ 33 ቢሆን፣ 33 ሲቀነስ 7፣ ለ2 ሲካፈል 13 ይመጣል፤ ስለዚህ ወደ ጆሮ የሚደርሰው 82 ያህል ነው ተብሎ ይታሰባል። ቁጥሩ በግማሽ የሚቆረጠው በቤተ ሙከራ ባለሙያ እየተቆጣጠረ የገባ ውታፍና ሠራተኛው በጥድፊያ የከተተው ውታፍ እኩል ስለማይከላከሉ ነው።

ትልቁን ቁጥር መምረጥ ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። ዓላማው ወደ ጆሮ የሚደርሰውን ድምፅ ከ85 በታች፣ ቢቻል በ75 እና በ80 መካከል ማድረግ ነው። ከ70 በታች ከወረደ ሠራተኛው ጥሪና ማስጠንቀቂያ አይሰማም፤ ስላልሰማም ያወልቀዋል።

ለሙከራ እንኳ የማይገቡ ሁለት ነገሮች አሉ። ጥጥ ድምፅን እምብዛም አያስቆምም፤ ሰውየው ግን ተከላክያለሁ ብሎ ይዘናጋል። የስልክ ማዳመጫ አድርጎ ሙዚቃ መስማት ደግሞ የወፍጮውን ድምፅ ለማሸነፍ ሙዚቃውን ማስጮህ ስለሚጠይቅ ጉዳቱን ይጨምራል። ወጣት ሠራተኛ ያለው ባለቤት ይህን በግልጽ ይከልክል።

ደረጃ 4፦ ጸጥ ባለ ቦታ አደራረጉን ይለማመዱ

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ውታፉ መጥፎ ነው ተብሎ የሚጣለው በአግባቡ ሳይገባ ቀርቶ ነው፤ ስለዚህ ወፍጮው ከመነሣቱ በፊት፣ ጠዋት በጸጥታ፣ ሳይቸኩሉ ይለማመዱ።

*የስፖንጅ ውታፍ*

1. እጅዎን በሳሙና ታጥበው ያድርቁ። ዱቄትና ግሪስ ያለበት ጣት ቆሻሻውን ወደ ጆሮ ይዞ ይገባል።
2. ውታፉን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ቀስ እያሉ ያሽከርክሩት፤ እንደ ጧፍ ቀጭንና ያልተጨማደደ መሆን አለበት። ጨምድደው ከከተቱት በሽብሽቡ በኩል ድምፅ ይገባል።
3. በቀኝ ጆሮዎ የሚከቱ ከሆነ ግራ እጅዎን በራስዎ ላይ አሻግረው የቀኝ ጆሮዎን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ይሳቡ። ቀዳዳው የሚቀናው በዚህ ጊዜ ነው።
4. ወዲያው ያስገቡትና በጣትዎ ጫፍ እንደያዙት ከ20 እስከ 30 ቆጥረው ይቆዩ። ስፖንጁ ሳይነፋ ከለቀቁት ተመልሶ ይወጣል።
5. በሌላው ጆሮም እንዲሁ ያድርጉ።

እንደ ደብረ ማርቆስ ባለ ብርዳማ ቦታ፣ በተለይ በጥቅምትና በኅዳር ጠዋት፣ ስፖንጅ ይደርቃል፤ ለመነፋትም ይዘገያል። ከመጠቅለልዎ በፊት ጥቂት ደቂቃ በእጅዎ ወይም በውስጥ ኪስዎ ያሙቁት፤ በጣትዎ ይዘው የሚቆዩበትንም ጊዜ ወደ አንድ ደቂቃ ያስረዝሙት።

*የጎማ ውታፍ*

ይህ አይጠቀለልም። ጆሮውን ከላይ እንደተገለጸው ስበው፣ መያዣውን ይዘው በጥቂቱ እያዞሩ ይግፉት። በትክክል የገባ የጎማ ውታፍ በቀስታ ሲሳብ የመያዝ፣ የመምጠጥ ስሜት ይሰጣል። ያለ ምንም ተቃውሞ ሹልክ ብሎ ከወጣ መጠኑ አንሷል ማለት ነው። የአንድ ሰው ሁለት ጆሮዎች መጠናቸው ሊለያይ ስለሚችል፣ ለቀኝ ትንሹን ለግራ መካከለኛውን ማድረግ ነውር የለበትም። ሲያወጡም እያዞሩ ቀስ ብለው ያውጡት፤ በአንድ ጊዜ መንጨት ታምቡርን ያሳምማል።

*ሽፋን*

ትራሱ ጆሮን ዙሪያውን ሙሉ በሙሉ መክበብና ከቆዳ ጋር መገናኘት አለበት። ሻሽ፣ ነጠላ፣ ኮፍያ ወይም ሹሩባ በትራሱና በቆዳው መካከል ከገባ ድምፁ በዚያው በኩል ይገባል። ሻሹን ከሽፋኑ በላይ ማሰር ይቻላል፤ ከሥር ግን አይሆንም። ትልቅ ጉትቻ ይውለቅ። መነጽር የሚያደርግ ሠራተኛ የመነጽሩ ክንድ ወፍራም ከሆነ ሽፋን እንደማይስማማው አስቀድመው ይጠብቁ፤ ለእርሱ ውታፍ ይሻለዋል።

*ይዞ እንደሆነ ማረጋገጫ*

አፍዎን ዘግተው «እምም» ይበሉ። ሁለቱም ጆሮ በደንብ ከተደፈነ ድምፅዎ ከራስዎ መሐል የሚመጣ፣ ወፈር ያለ ይመስላል። ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ፣ ድምፁ ያነሰበት ጆሮ አልተደፈነም። በመቀጠል አንድ ሰው ከፊት ለፊትዎ ሆኖ ይመልከትዎ፤ የስፖንጁ ጫፍ ከጆሮዎ ወጥቶ የሚታየው ከሆነ በበቂ አልገባም። በመጨረሻ ቆሎ ይቆርጥሙ። መንጋጋ ሲንቀሳቀስ የጆሮ ቀዳዳም ቅርፁን ይለውጣል፤ ቆሞ ሳለ የያዘ ውታፍ ሲያኝኩና ሲያወሩ የሚላላ ከሆነ ለወፍጮ ቤት አይሆንም።

ካልተሳካ፦ ስፖንጁን አውጥተው በአዲስ ይድገሙ፤ ውስጥ ሆኖ የተነፋውን መግፋት አይጠቅምም። ሦስት ጊዜ ሞክረው ካልያዘ ወይም ካሳመመ፣ ያ ዓይነት ለእርስዎ ጆሮ አልተሠራምና ወደሚቀጥለው ይለፉ።

ደረጃ 5፦ ወፍጮው ሲሠራ አጭር ሙከራ

ሙከራውን በገበያ ቀን አያድርጉ። ሰው በተጨናነቀበት፣ ጆንያ በተደራረበበትና ሁሉም «ቶሎ!» በሚልበት ሰዓት የተደረገ ሙከራ ምንም አያስተምርም። ሁሉንም ዓይነት በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዓይነት እህል ላይ ይሞክሩ፤ በቆሎ ሲፈጭና ጤፍ ሲፈጭ ድምፁ አንድ አይደለም።

ማስጠንቀቂያ፦ ሁለቱ ውታፎች በገመድ የተያያዙ ከሆኑ፣ ገመዱ በቺንጋው ወይም በሚሽከረከረው ዘንግ ተይዞ አንገትን ሊስብ ይችላል። ከሞተሩ አጠገብ ለሚሠራ ሰው ገመድ አልባውን ይግዙ፤ አለዚያም ገመዱን ቆርጠው ይጣሉ። የነጠላ ጫፍም እንዲሁ ይታሰር።

1. መከላከያውን ውጭ አድርገው ይግቡ። ጫጫታ ውስጥ ቆሞ ማድረግ ለማጣራት አይመችም።
2. ሠራተኛው በተለመደ ቦታው ላይ እንደቆመ ሁለቱን መዳፎቹን ጆሮዎቹ ላይ ይጫን፤ ከዚያም ያንሣ። በጫነ ጊዜ ድምፁ በግልጽ ከቀነሰ መከላከያው ያስገባል ማለት ነው፤ ወጥቶ ያስተካክል። ለውጡ እምብዛም ካልተሰማው በትክክል ይዟል።
3. ሌላ ሰው ከኋላው፣ ከሁለት ሜትር ርቀት በስሙ ይጥራው። ጭራሽ ካልሰማ መከላከያው ከሚገባው በላይ ደፍኗል።
4. እህሉ ሊያልቅ ሲል ያለውን የድምፅ ለውጥ ይለይ እንደሆነ ይፈትኑ።

አራተኛው ፈተና ከሁሉም ይበልጣል። ጥሩ ወፍጮ ሠራተኛ ዱቄቱን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ አሽቶ ልመቱን እንደሚያውቅ ሁሉ፣ እህሉ ማለቁንና ድንጋይ ከድንጋይ ሊገናኝ መሆኑን የሚያውቀው በጆሮው ነው። ይህን ድምፅ የተነፈገ ሠራተኛ መከላከያውን ቢያወልቅ አይፈረድበትም፤ ድንጋዩ ከተበላ ተጠያቂው እርሱ ነውና። ስለዚህ እህሉ የሚገባበትን አፍ እንዳያይ ዓይኑን ጨፍኖ ወይም ፊቱን አዙሮ እንዲቆም አድርጉና ለውጡ ሲሰማው እጁን ያንሣ። ለጥቂት ቀን ከተለማመደ በኋላም ማንሣቱ ከዘገየ፣ ዝቅ ያለ ቁጥር ወዳለው ዓይነት ይሂዱ። ከለመደው ድምፅ የተለየ ቢሆንም ብዙ ሰው በጥቂት ቀን አዲሱን ይለምዳል፤ ከመጀመሪያው ሰዓት ብቻ ተነሥተው አይፍረዱ።

ካልተሳካ፦ ሠራተኛው ጥሪውን ባይሰማም ድምፁን ግን ማስቀነስ የግድ ከሆነ፣ በመብራት ወይም በእጅ ምልክት መግባባትን ያስለምዱ። ድምፁ አሁንም በዝቷል ካለ ውታፍና ሽፋን ደርቦ መሞከር ይቻላል፤ ይሁንና የሁለቱ ቁጥር አይደመርም፤ ከሁለቱ በሚበልጠው ላይ የሚጨምረው 5 ዴሲቤል ያህል ብቻ ነው።

ደረጃ 6፦ ሙሉ የሥራ ቀን

አጭሩን ሙከራ ያለፉትን ብቻ፣ እያንዳንዱን ለአንድ ሙሉ የሥራ ቀን ያድርጉ። በአንድ ቀን ሁለት ዓይነት አያፈራርቁ፤ ጆሮን ያሳመመው የትኛው እንደሆነ አይለይም።

ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄድ በፊት ቤት ውስጥ ሬዲዮ ይክፈቱና የሚነገረው ለጥቂት ብቻ እስኪሰማ ድረስ ድምፁን ይቀንሱ። መቆጣጠሪያውን እዚያው ላይ ተዉት፤ ሌላ ሰውም እንዳይነካው ይንገሩ። ማታ ሲመለሱ ሬዲዮውን በዚያው ልክ ይክፈቱ። ጠዋት የተሰማው ንግግር ማታ ካልተሰማ ወይም ጆሮ ጭው ካለ፣ ጆሮው ቀኑን ሙሉ ተጎድቶ ውሏል፤ ስለዚህ ያ መከላከያ፣ ቁጥሩ ምንም ያህል ቢሆን፣ ወድቋል። ይህ ፈተና ገንዘብ አይጠይቅም፤ ደግሞም ከካርቶኑ ይልቅ እውነቱን ይናገራል።

ቀኑን ሙሉ ስንት ጊዜ እንደወለቀም ይከታተሉ። ምክንያቱ በቁጥር ይታያል፤ 30 ዴሲቤል የሚቀንስ መከላከያ አድርጎ ከ8 ሰዓት ውስጥ ለ30 ደቂቃ ብቻ ያወለቀ ሰው፣ የቀኑ አማካይ ጥበቃው ወደ 12 ዴሲቤል ይወርዳል። ከዚህ የተነሣ ሳይወልቅ የሚውል መካከለኛ መከላከያ፣ በየሰዓቱ ከሚወልቅ ጠንካራ ይሻላል። ከአስፈጪ ጋር ሒሳብ የሚነጋገር ሠራተኛ አውልቆ ከማውራት ይልቅ ወጥቶ ያውራ።

ማታ የሚመዘገቡት እነዚህ ናቸው፦ ጆሮው ውስጥ ወይም በዙሪያው ሕመም፣ ሽፋን ከነበረ ላብና የራስ መጨመቅ፣ መከላከያው የላላበት ጊዜ፣ እና የሬዲዮው ውጤት።

ካልተሳካ፦ የጆሮ ቀዳዳ ካሳከከ ወይም ካበጠ ሙከራውን አቁመው ጆሮው እስኪድን ይጠብቁ። ሽፋኑ ቀትር ላይ በላብ የሚንሸራተት ከሆነ፣ እንደ ዓባይ በረሃ ባለ ሞቃት ቦታ ለሚሠራ ሰው ውታፍን ይምረጡ። የሬዲዮውን ፈተና ሁሉም ዓይነት ከወደቁት ደግሞ ጉዳዩ የመከላከያ ምርጫ አይደለም፤ ሠራተኞችን ማፈራረቅ፣ ሞተሩን በግድግዳ መለየትና የመስማት ምርመራ ማድረግ ይገባል።

ደረጃ 7፦ መግዛትና መያዝ

ለሁሉም ሠራተኛ አንድ ዓይነት መግዛት ለሒሳብ ይመቻል፤ ለጆሮ ግን አይመችም። የሚፈጨው፣ የሚመዝነውና ጆንያ የሚያወርደው እያንዳንዱ በሙከራው ያለፈለትን ይያዝ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመከላከያ መሣሪያ የማቅረብን ግዴታ በአሠሪው ላይ፣ በአግባቡ የመጠቀምን ደግሞ በሠራተኛው ላይ የጣለ በመሆኑ፣ ወጪው ከደመወዝ የሚቆረጥ አይደለም።

ውታፍ እንደ ጥርስ መፋቂያ የአንድ ሰው ብቻ ነው፤ አይዋዋሱት። ስፖንጁ አይታጠብም፤ ከቆሸሸ ወይም መንፋት ካቆመ ይጣል። ጎማው ማታ ማታ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ። የሽፋን ትራስ በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል፤ ከደረቀና ከተሰነጠቀ ይለወጥ፤ ሲገዙም ትራሱ ለብቻው የሚገኝ መሆኑን ባለ ሱቁን ይጠይቁት። ምስማር ላይ መስቀል ይቅር፤ ዱቄት የጠገበ ትራስ ከቆዳ ጋር አይገናኝም።